ከአባታቸው ድንጋይ ላይ የቀረው ቁጥር

የልጄ ባል ኃይሌ በርበሬ ፈጪ ነው። ወፍጮ ቤቱ ቡታጅራ፣ ከገበያው ወደ መስቃን ገጠር በሚወጣው መንገድ ዳር ነው፤ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ሳይቀር ቀይ ሆኗል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሳያነጥስ አያልፍም። ኃይሌም ሥራውን እየሠራ «ይማርህ፣ ይማርሽ» ሲል ይውላል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲመርቅ የሚውል እንደ እሱ ያለ ነጋዴ አላየሁም፤ የሚያስነጥሳቸውም ራሱ መሆኑ ሌላ ነገር ነው።

አማት ስለ አማቿ ልትጽፍ ስትነሣ ሰው ስሞታ ይጠብቃል። እኔ ስሞታ የለኝም። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ከእነሱ ጋር ኖሬአለሁ። ክፍሌ ከወፍጮ ቤቱ ጋር በስስ ግድግዳና በአንዲት በር ነው የሚለየው። እዚያ ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ ይህን ሰው ሲስቅም፣ ሲቆጣም፣ ብቻውን ሲያጉረመርምም ሰምቼዋለሁ።

ኃይሌ ሁለት ነገር ያውቃል፤ በርበሬና ጥቅስ። በርበሬውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ፍቆ ርጥበቱን ይነግራችኋል። ጥቅሱን ደግሞ በልጅነቱ ከቄስ ትምህርት ቤት ነው ያመጣው። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል፤ ሌላውንም ከዚያ በኋላ እያነበበ ጨምሮበታል። ሥራ የሚያረፍድ ሠራተኛ ሲያይ ስለ ጉንዳን የተጻፈውን ይነግረዋል። ከላይ ደረቁን ከታች እርጥቡን አድርጋ ጆንያ የሞላች ሴት ብትመጣ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የተጻፈውን ያሰማታል። ዝም ብሎ ቢናገር ደግ ነበር። እሱ ግን ምዕራፉንና ቁጥሩን ሳይጠራ አይለቅም። ቃሉ ሚስማሩ ነው፤ ቁጥሩ መዶሻው። ወፍጮው እየጮኸ መናገር ስለለመደ መብራት ሲጠፋ እንኳ ድምፁ አይቀንስም፤ የጎረቤት ፀጉር ቤት ደንበኞች ሁሉ ስንት ቁጥር እንደተጠቀሰ ያውቃሉ።

ይህን የምትቋቋመው ዘይባ ብቻ ናት። ዘይባ ከመስቃን ገጠር በርበሬዋን በጋሪ ጭና የምትመጣ፣ የእኔ እኩያ የምትሆን እስላም ናት። ኃይሌ ምዕራፍ ሲጠራ እጇን ታነሣና፣ «ኃይሌ፣ ቁጥሩን ለራስህ ያዘው። ወሬውን ንገረኝ» ትለዋለች። ይነግራታል። ስለ ዮሴፍ ከሆነ፣ እሷም የምታውቀውን ትጨምራለች። ወሬው ሲወራ ማንም ሲጣላ አላየሁም። ጠብ የሚመጣው ቁጥር ሲጠራ ነው።

ጠቡ ከማን ጋር እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኃይሌ አንድ ወንድም አለው፤ ግሩም ይባላል። በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሰዋል። ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ለተማሪ ጽሑፍ የሚያትምና ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ ሱቅ አለው። ግሩም በወጣትነቱ ጴንጤ ሆነ። ያን ጊዜ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር ይላሉ፤ እኔ አልነበርኩም። እኔ በመጣሁ ጊዜ ግን ለቅሶው አልቆ ክርክር ተጀምሯል። ግሩም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። በርበሬ እንዳይነካበት መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ባለፈው ስለ ጾም ያልከውን አይቼዋለሁ» ይላል። ኃይሌ ወፍጮውን ያቆማል።

አንዱ ስለ አማላጅነት ይጠቅሳል፣ ሌላው ስለ ጸጋ ይመልሳል። አንዱ ከወንጌል ያመጣል፣ ሌላው ከመልእክት። መልስ ያጣ ሰው አልተሸነፍኩም ብሎ አይምልም፤ «ለሚቀጥለው ቅዳሜ አመጣዋለሁ» ይላል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲፈልግ ይሰነብታል። በርበሬያቸውን ሆን ብለው ለቅዳሜ የሚያቆዩ ሴቶች ነበሩ። ልጄ ምሳ በአንድ ሳህን ታቀርብላቸዋለች፤ እየተከራከሩ ይጎራረሳሉ። መጀመሪያ ለፍቅር ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳይ፣ አንዱ ጥሩ ጥቅስ ሊያመጣ አፉን ሲከፍት ሌላው ትልቅ ጉርሻ ያጎርሰዋል። ያ እስኪያላምጥ የራሱን ይናገራል። ለፍቅርም ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት አባታቸው ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ሁለቱን ልጆቻቸውን አስቀምጠው፣ ድንጋዬ ላይ የእረኛውን መዝሙር ጻፉልኝ አሉ። ዳዊት ራሱን በግ፣ እግዚአብሔርን እረኛ አድርጎ የተናገረውን ነው። ሁለቱም እሺ አሉ። ለሙት ዓመቱ ድንጋዩ እንዲደርስ ግሩም ጽሑፉን ሱቁ ውስጥ በኮምፒዩተር አዘጋጅቶ ገና በአርባው ዕለት ይዞ መጣ፤ ስም፣ መስቀል፣ ዓመተ ምሕረት፣ ከግርጌ «መዝ. 23»።

ኃይሌ ወረቀቱን አይቶ ቀላ። የእረኛው መዝሙር ሃያ ሁለት ነው አለ። ሃያ ሦስት ላይ ያለው ምድር የእግዚአብሔር እንደሆነችና በሮች እንዲከፈቱ የሚናገረው ነው፤ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ግሩም ደግሞ መጽሐፉን ከፌስታሉ አውጥቶ ሃያ ሁለትን ገለጠ። እዚያ ላይ ያለው አምላኬ ለምን ተውከኝ የሚለው ጩኸት ነው። አባታችን መቃብር ላይ ይህን ልጻፍ ወይ አለ። ኃይሌ የአባቱን ዳዊት አምጥቶ ከፈተ። ሁለት መጽሐፍ፣ ሁለት ቁጥር። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ያያል።

ያን ቀን ከተባለው ብዙው ተረስቷል፤ አንዱ ግን አልተረሳም። ኃይሌ፣ «ቤተ ክርስቲያኑን ትተህ ሄድክ። አሁን ደግሞ የአባቴን ዳዊት ልታዛባ መጣህ?» አለ።

ግሩም መጽሐፉን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። «አባቴ አልክ። የእኔስ አባት ማን ነው?» አለና ሄደ።

ጠራቢው የሚያደርገው ቢጠፋው ስሙንና ዓመቱን ቀርጾ፣ የቁጥሩን ቦታ ለስላሳ አድርጎ ተወው። ሰባት ዓመት እንዲሁ ቆመ። ቅዳሜም እንዲሁ ቀረ።

ሰው ኃይሌ የተናደደ ይመስለው ነበር። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የምሰማው ሌላ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ጥቅስ ይወረውራል፤ ደንበኛው «እውነት ነው ጋሽ ኃይሌ» ብሎ ዱቄቱን ይዞ ይሄዳል። እውነት ነው ማለት ምን ይጠቅማል? የሚመልስለት ነው የጠፋው። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ለራሱ ይጠቅስና፣ ግሩም ምን ሊመልስ እንደሚችል አስቦ እሱኑ ያጉረመርማል። አንድ ቀን ለግሩም ያሰበለት መልስ በጣም ጥሩ ሆኖበት መልስ ሲያጣ ሰማሁት።

በሁለቱ መካከል የምትመላለሰው የኃይሌ ልጅ ሃኒ ነበረች። ሃኒ የልጅ ልጄ ናት። ጉብሬ ስትማር አራት ዓመት የአጎቷ ቤት ነው የበላችው። ስለ አንዱ ለሌላው አታወራም፤ ግን አባቷ «እዚያ ብርድ ነው?» ሲላት ስለ አየሩ እንዳልጠየቀ ታውቃለች። «ደኅና ነው፤ ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ተሻለው» ትለዋለች።

እኔን ፊደል ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ በስድሳ አራት ዓመቴ። አሁንም ለማጅ ነኝ። ሌላው ሰው መጽሐፍ መሐሉን ከፍቶ የፈለገውን ያገኛል፤ እኔ ግን ካቆምኩበት ቦታ ተነሥቼ በጣቴ እየተከተልኩ ካልሆነ መንገዱ ይጠፋኛል። ዓይኔም ደክሟል። ይህን ሃኒ ለአጎቷ ነገረችው መሰል፣ ባለፈው መስቀል ስትመጣ ትልቅ ጥራዝ ይዛልኝ መጣች። መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ግሩም ፊደሉን የባቄላ ፍሬ አሳክሎ፣ አትሞ፣ ጠርዞ ነው የላከው። ኃይሌ ጥራዙን አየ፣ ከየት እንደመጣ ገባው፣ «ለዓይን ጥሩ ነው» ብሎ ወጣ።

ኅዳር ላይ የሃኒ ሠርግ ለጥር ተቆረጠ። እጮኛዋ የቡኢ ልጅ ነው፤ አስተማሪ። በእኛ ቤት ሙሽራ ከመውጣቷ በፊት አባትና የአባት ወንድም ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚመርቁት። ሃኒ ለአባቷ፣ አጎቴ ካልመረቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም አለችው። ቀልዳ እንዳልሆነ ከአቀማመጧ ያስታውቃል።

ኃይሌ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ማን ከለከለው አለ።

«በሩማ ክፍት ነው፣ አባዬ። የተዘጋው አፍህ ነው» አለችው።

ለግሩም ሽማግሌ ተላከ። መልሱ አጭር ነበር፤ ሽማግሌ አልፈልግም፣ ጋሼ በራሱ አፍ ና ካለኝ በእግሬ እመጣለሁ። ኃይሌ ይህን ሲሰማ በርበሬውን ሁለት ጊዜ ፈጨው። ሊጠራው ይፈልጋል። ሲጠራው ግን ሃያ ሦስት ልክ ነው ማለት ይመስለዋል፤ ያ ደግሞ ከአባቱ እጅ የተማረውን ዳዊት መካድ ነው። አየሁት፣ ከሳ። ጥሩ የሚበላ ሰው ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። እኔ በሬን ከፍቼ በብርሃኑ ጥራዜን አነባለሁ፤ ኃይሌ ከወዲያ ሆኖ ወንፊት ይጠግናል። እኔ ስሳሳት ሳያይ ያርመኛል፤ በቃሉ ነው የሚያውቀው። የእኛ ዳዊትና የግሩም ጥራዝ አንዳንድ ቃል ይለያያሉ፤ ያን ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርግና ያልፈዋል። ዘጠነኛውን እያነበብኩ ነበር። ረጅም ነው፤ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሰዎች ሰው ብቻ መሆናቸውን ይወቁ የሚለው ላይ ደርሼ መነጽሬን አወለቅሁ።

«ይቀጥሉ እንጂ፣ እማማ» አለ ኃይሌ።

«አለቀ።»

«አላለቀም። ገና ግማሹ ነው። ለምን ርቀህ ቆምክ ብሎ ይቀጥላል።»

መነጽሬን መልሼ አየሁ። እሱ ያለው ቃል አለ፤ ግን ከበላዩ አዲስ ቁጥር ተጽፏል። «ለምን ርቀህ ቆምክ የሚለው አሥር ላይ ነው» አልኩት።

ወንፊቱን አስቀመጠ። ወደ ክፍሌ ገብቶ ከትከሻዬ በላይ አየ። ከዚያ ሄዶ የአባቱን ዳዊት አመጣና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሱ የራሱን ይዞ፣ እኔ የግሩምን ይዤ፣ አንድ በአንድ ወረድን። እሱ አሥር ሲል እኔ አሥራ አንድ። እሱ አሥራ አምስት ሲል እኔ አሥራ ስድስት። አንዱ መጽሐፍ ረጅሙን መዝሙር እንደ አንድ ቆጥሮታል፤ ሌላው ለሁለት ከፍሎታል። ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን በአንድ እየቀደመ ይሄዳል። ቃሉ ያው ነው። እሱ ሃያ ሁለት ላይ ደረሰ፤ እኔ ሃያ ሦስት ላይ። ሁለታችንም እረኛው ጋ ደረስን።

ኃይሌ ሁለቱን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ያለ ድምፅ አነበበ። እሱ ዝም ሲል ቤቱ ይሰፋል።

«እንግዲህ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኩት፣ ደስ ይለዋል ብዬ።

«አንዳችን ተሳስተን ቢሆን ይሻል ነበር፣ እማማ።»

«ለምን?»

«የተሳሳተው ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። አሁን ማን ይጠይቅ?»

በማግሥቱ ጠዋት የደብራችንን መሪጌታ ሄዶ ጠየቃቸው። ይሄማ የታወቀ ነው፣ ዘጠኝ ላይ ይለያያሉ፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ይገናኛሉ አሉት። ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም ቢላቸው፣ «ማን ጠየቀኝ?» አሉ። እውነት ነው። ጠብ ላይ ያለ ሰው አይጠይቅም፤ የጠየቀ የተጠራጠረ ይመስላላ። ሁለቱም ለሰባት ዓመት መጽሐፋቸውን የገለጡት መሐሉ ላይ ነው፤ የሚጠቅማቸው ገጽ ላይ። ትንሽ ወደ ላይ ወጣ ያለ አልነበረም።

ዘይባ ሐሙስ ዕለት ስትመጣ ኃይሌን ተክዞ አየችውና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጆንያዋ ላይ ቁጭ ብላ እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ ወደ ወፍጮው ገብታ፣ «አንተ ኃይሌ፣ አንዷን በግ አንተ ሃያ ሁለት ብለህ ቆጠርካት፣ ወንድምህ ሃያ ሦስት ብሎ ቆጠራት። በጓ እኮ አንድ ናት። እረኛው መች ተደናገረ?» አለችው።

ኃይሌ ምዕራፍና ቁጥር ሳይጠራ ጆንያዋን አንሥቶ ሚዛን ላይ ጫነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮ ቤቱን ሳይከፍት ነጠላውን ለብሶ መጣ። እማማ፣ ጥራዙን ይያዙና ይነሡ አለኝ። እኔ ለምን እንደምሄድ አልጠየቅሁም፤ ብቻውን ከሄደ ከመንገድ እንደሚመለስ እሱም እኔም እናውቃለን።

በሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ አስቀመጠኝ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጥቅስ እያዘጋጀ ነው። አንዱን ይይዛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ያነሣል። አንዴ ወደ እኔ ዞር ብሎ ስለ መባ የተነገረውን፣ ወንድምህ ቅር ካለው መባህን ትተህ ሂድ የሚለውን ላንሣ ወይ አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት። ትንሽ ቆይቶ፣ አይ፣ ይሄን ብል እሱ ቀጥሎ ያለውን ይጠቅስብኛል አለ። አገና ስንደርስ ገበያ ነበር፤ መንገዱ በእንሰት ቅጠል በተጠቀለለ ቆጮና በሰው ተዘግቶ ቆምን። እስኪከፈት ድረስ አሥር ያህል ጥቅስ ለወጠ። ከአገና ወዲያ ግን ከንፈሩ ዝም አለ። ወደ እንሰቱ እያየ ሄደ።

ጉብሬ በባጃጅ ሱቁ ደጃፍ ደረስን። ተማሪ ሞልቶታል። ግሩም ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ወረቀት ያወጣል፤ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ በሰባት ዓመት አባቱን መስሏል። ኃይሌ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከፊቱ ያሉት ተማሪዎች ወረፋ የያዘ መስሏቸው አንድ እርምጃ ተጠጉለት። እሱም ተጠጋ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ከአንዲት ጥራዝ ከምታሳትም ልጅ ኋላ፣ ተራው ደረሰው።

ግሩም ቀና ሳይል «ስንት ቅጂ?» አለ። ከዚያ ቀና አለ።

ኃይሌ የአባቱን ዳዊት አውጥቶ ዘጠነኛው ላይ ገለጠና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እኔ ጥራዙን አሥር ላይ ገልጬ ከጎኑ አስቀመጥኩ። ግሩም አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፤ ጣቱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሄደ። እሱ ፈጣን አንባቢ ነው። እንደኛ ሰዓት አልፈጀበትም።

«ቁጥሩን ልታሳየኝ ነው የመጣኸው፣ ጋሼ?» አለ። ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ ግን አልለሰለሰም።

ኃይሌ ሁልጊዜ ጥቅስ ከመናገሩ በፊት እንደሚያደርገው ትከሻውን ቀና አደረገ። እኔም ጠበቅኩ። ግሩምም ጠበቀ፤ እንዲያውም ፊቱ ላይ የድሮው ቅዳሜ መጣ፣ መልስ ሊያዘጋጅ።

«ዛሬ ጥቅስ አልያዝኩም» አለ ኃይሌ። «ሃኒ ልትዳር ነው። የአባታችንም ድንጋይ ባዶውን ቆሟል። ና።»

አባታችን ሲል እኔ ግሩምን ነበር የማየው። ማሽኑን አጠፋ። ተማሪዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ከጠረጴዛው ኋላ ዞሮ ወጣና ወንድሙን አቀፈው። ኃይሌ ቀይ ልብሱን ቢቀይርም በርበሬው ከአካሉ አይለቅም፤ ግሩም አቅፎት እያለ ሁለት ጊዜ አነጠሰ። «ይማርህ» አለ ኃይሌ፣ ከልምዱ የተነሣ። ከዚያ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ። በርበሬው ነው አሉ። እሺ አልኩ።

ሻይ ተቀምጠን ስንጠጣ ግሩም አላስችል አለው። ዔሳው ያዕቆብን ሮጦ ሄዶ እንዳቀፈው፣ ዛሬ ያ እንደተፈጸመ ተናገረ። ኃይሌ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እንግዲህ ሮጦ ያቀፈው አንተ ነህ፤ ዔሳው አንተ ነህ ማለት ነው አለው። ግሩም፣ ዔሳው ታላቅየው ነው፣ እዚህ ድረስ የመጣውም አንተ ነህ አለ።

«ብኩርናውን ለምስር ወጥ የሸጠ ነው የምትለኝ?»

«እኔ አላልኩም፤ መጽሐፉ ነው።»

«እኔ ለምስር አልሸጥም» አለ ኃይሌ። «ክትፎ ከሆነ እናያለን።»

የተጠራ ምዕራፍ አልነበረም፤ የተጠራ ቁጥርም። በወሬው ብቻ ነበር የሚጣሉት። ዘይባ ብትኖር ደስ ይላት ነበር።

ጥር ላይ ሃኒ ከቤት ስትወጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው መረቋት። ኃይሌ ከዳዊት ጀምሮ አስረዘመው፤ ግሩም የራሱን ጸሎት ጨምሮ አስረዘመው፤ ሙሽራው ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቀለጠ። ሃኒ ጆሮዬ ላይ፣ እማማ፣ ሁለቱም አሜን ብለው እንዲያቆሙ አንድ ነገር በያቸው አለችኝ። እሷ የሁለቱን መጽሐፍ መጨረሻ አይታ ነበር፤ መሪጌታው እንዳሉት መቶ አርባ ስምንት ላይ ቁጥራቸው ይገናኛል። እዚያ እስኪደርሱ ልጠብቅ እንዴ አለች። ሁለቱንም ተራ በተራ ክንዳቸውን ነካሁ፤ አሜን አሉ።

ከሠርጉ በኋላ ጠራቢው ተጠራ። ግሩም ሃያ ሁለት ይጻፍ አለ፣ አባታችን የደገሙት በዚያ ነውና። ኃይሌ ደግሞ ሃያ ሦስት ይጻፍ አለ፣ ወረቀቱን መጀመሪያ ያዘጋጀኸው አንተ ነህና። በዚህም ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። ጠራቢው መሮውን ይዞ አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላው ያያል። ኋላ ኃይሌ፣ ዘይባ ቁጥሩን ለራስህ ያዝ ትለኛለች፤ ቃሉን እንጻፍ አለ። ባዶው ቦታ ለአንድ ቁጥር የተተወ ስለነበር ቃሉ አልበቃውም። ፊደሎቹ ተጠጋጉ፤ የመጨረሻው ቃል በድንጋዩ ጠርዝ ዞሮ ወረደ። ለማንበብ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። እኔ አነበብኩት፤ በጣቴ፣ ከላይ ጀምሬ።

አሁን ቅዳሜ ተመልሷል። ግሩም መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል፣ ያችው ጆንያ ላይ ይቀመጣል። አንድ ሕግ ብቻ ተጨምሯል፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ጥቅስ ያመጣ ሰው ቁጥሯን ብቻ ነጥቆ አይሮጥም፤ ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ ያነባል። አንዱ ቁጥር ከጠራ ሌላው «ከላይ ጀምር» ይለዋል። ብዙ ጊዜ፣ ቁጥሩ ጋ ሲደርሱ የሚጣሉበትን ረስተውታል። አንዳንዴም ሌላ የሚጣሉበት መንገድ ላይ አግኝተዋል።

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ዘይባ በርበሬዋን ይዛ ወረፋ ስትጠብቅ፣ እነሱ ያንኑ የያዕቆብን ነገር ይዘው ነበር። «እስከ ዛሬ አልጨረሳችሁም?» አለቻቸው። «ለመሆኑ ዔሳው ማን ሆነ?»

ሁለቱም ጣታቸውን ወደ ሌላው ቀሰሩ። ልጄ ምሳ አቀረበች። ግሩም ሊናገር አፉን ሲከፍት ኃይሌ በክትፎ የተሞላ ቆጮ አጎረሰው።

መሐል ላይ አምፖሉ በራ፤ መብራት መጥቷል። ወፍጮውን ለማስነሣት የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ዘይባም እንኳ።